አጋሙና ቀጋው ከመመንጠሩ በፊት

ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋ አቋርጦ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኙን የሚያሳየን መሬት ለእህል የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ በርበሬው በየወቅቱ ተራውን ጠብቆ ማሳውን ይሸፍነዋል። ብር፣ ላህና ፈጣም የተባሉት ወንዞችም ይህንኑ አገር እያጠጡ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ከራሱ አልፎ ለሌላው የሚተርፍ ምርት የሚያመርት መሆኑን ማንም አይክደውም።

ይህ ሁሉ እያለ ግን አንድ ነገር አልገጠመም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳረጋገጠው በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ውስጥ 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ያህል ያላደገ ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 38 በመቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የክልሉ ቁጥር ወደ 41 በመቶ ዝቅ ቢልም፣ ከአገሪቱ አማካይ ከ37 በመቶ አሁንም በላይ ነበር። በ2008ቱ ጥናት በክልሉ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት 42 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። እህል በተረፈበት ክልል ውስጥ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ሕፃን የሚቀነጭር ከሆነ፣ ጉድለቱ በእህሉ መጠን ብቻ ሊመካኝ አይችልም ማለት ነው።

ችግሩ ከሆድ መሙላትና ከሰውነት መመገብ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እንጀራ፣ ቂጣና ገንፎ ሆድን ያጠግባሉ፤ ለሥራም ጉልበት ይሰጣሉ። ነገር ግን አካል የሚገነባውና ደም የሚሠራው ከእህል ብቻ አይደለም። በዚያው በ2008ቱ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል ተገቢውን ዓይነትና መጠን ያለው ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ደጋግሞ ሊነበብ ይገባዋል። ከመቶ ሕፃናት ዘጠና ሦስቱ ጥሬው በሞላበት ቤትም ሆነ ባልሞላበት ቤት ውስጥ የሚበሉት ያልተሟላ ነገር ነበር ማለት ነው።

እህል ብቻ ሲበላ ሰውነት ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በሶማሊያና በሱዳን የስደተኞች ሰፈሮች ተጠልለው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ራሽናቸው በአመዛኙ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ስለ ነበር፣ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ባለማግኘታቸው ስከርቪ የተባለው በሽታ በተደጋጋሚ ተነሥቶባቸዋል። ስከርቪ ድድን ያደማል፣ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፣ ቁስል እንዳይሽር ያደርጋል፣ በመጨረሻም ይገድላል። መነሻው የቫይታሚን ሲ እጦት ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጀምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ይህንኑ በሽታ በብርቱካንና በሎሚ ማዳን እንደሚቻል በመርከበኞች ላይ ሞክሮ አሳይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎ የእኛ ወገኖች በዚያው በሽታ መያዛቸው ዕውቀቱ ስለ ጠፋ አልነበረም፤ ትኩስ ነገር ከምግብ ተቆጥሮ በራሽኑ ውስጥ ስላልገባ ነው።

የጅጋ አካባቢ ገበሬ የስደተኛ ሰፈር ነዋሪ አይደለም። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት ይኖረዋል፤ በዚህም የተነሣ ስከርቪ በግልጽ አይታይበትም። ይሁን እንጂ በሽታ እስኪሆን ድረስ ያልበረታ እጦት ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። እዚህ ላይ ነው የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን በየአጥሩና በየሸለቆው ዳር ስለሚበቅለው፣ ገንዘብም ውሃም ማዳበሪያም ስለማይጠይቀው የዱር ፍሬ ሊናገር የተነሣው።

አጋም፣ ቀጋ፣ ዶቅማ፣ ኮሽም፣ እንኮይ፣ እሸ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ የዱር እንጆሪ። እነዚህን ስሞች የማያውቅ የገጠር ልጅ አለ ብለን አንገምትም። (ከተሜው እንጆሪ የሚለው በመሬት ላይ ተንጋሎ የሚያፈራውን የውጭ አገር ዝርያ ነው፤ እኛ የምንለው ግን በወንዝና በጥሻ ዳር የሚገኘውን እሾሃም ሐረግ ነው።) አጋም በምሳሌያችን ውስጥ የሚታወቀው በእሾሁ ነው፤ ካጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል እንላለን። ስለ ፍሬው ግን የሚያወራ የለም። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ፣ ሲበስል ደግሞ ወደ ጥቁርነት ያደላ ወይን ጠጅ ሆኖ ውስጡ በጣፋጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ይሞላል። ዶቅማ በወንዝ ዳር እየበቀለ ክረምቱ ሊገባ ሲል ጥቁር ፍሬውን ያወርዳል። ዋንዛ በበጋው ወራት ቢጫና ተጣባቂ የሆነውን ጣፋጭ ፍሬ ይሰጣል። ቀጋ በአጥር ላይ ቀይ ሆኖ ይንጠለጠላል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ወር አይበስሉም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል፤ ደጋና ቆላ በሆነ ቁጥርም ጊዜያቸው ይለያያል። ተፈጥሮ በየወቅቱ የምትከፍተው የጓሮ ሱቅ ነው ልንል እንችላለን።

ጥቅማቸውን በተመለከተ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ቫይታሚን ሲ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት በጋራ ባወጡት መመዘኛ መሠረት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ሕፃን በቀን 30 ሚሊ ግራም፣ አዋቂ 45፣ ነፍሰ ጡር 55፣ የምታጠባ እናት 70 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋቸዋል። አንድ መቶ ግራም ብርቱካን 50 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። በጎጃም ጓሮዎች በብዛት የሚታየው ዘይቱን በዚያው መጠን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ይይዛል፤ አንድ መካከለኛ ዘይቱን ብቻውን የነፍሰ ጡሯን የቀን ድርሻ ይሸፍናል። የቀጋ ወገን የሆኑ የዱር ፍሬዎች ደግሞ ተለክተው በመቶ ግራም ከ400 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው አሉ። የዱር እንጆሪ ዘመዶች ከብርቱካን ያነሰ፣ ግማሹን ያህል ይሰጣሉ፤ እሱም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

የቀጋን ዋጋ ከእኛ ይልቅ የተረዱት ሌሎች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ብርቱካን በመርከብ ማስመጣት ሲያቅታት፣ መንግሥት ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎችና የሴቶች ማኅበራት በየአጥሩ ሥር የበቀለውን የቀጋ ዘመድ ፍሬ እንዲለቅሙ አስደርጎ፣ ከፍሬው ሽሮፕ እየተዘጋጀ ለሕፃናት እንዲዳረስ አድርጓል። የኛው ቀጋ በሳይንስ ስሙ ራሱ የአገራችንን ስም የያዘ ነው፤ ሮዛ አቢሲኒካ ይሉታል። በስማችን የተጠራውን ፍሬ እኛ የፍየል መኖ አድርገን ትተነዋል።

ቫይታሚን ሲ ድድን ከመጠበቅና ቁስልን ከማሻር የበለጠ ለእኛ አገር አመጋገብ የሚሰጠው ልዩ አገልግሎት አለ። ጤፍና ዳጉሳ የብረት ማዕድን አላቸው፤ (በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈር የሚገባ መሆኑም የታወቀ ነው።) ነገር ግን በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለ ብረት ሰውነት ውስጥ በቀላሉ አይገባም። በእህሉ ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ያስረዋል። ሊጡ ደህና ሲቦካ ይህ ማሰሪያ በተወሰነ ደረጃ ይላላል፤ ባልቦካ ቂጣና ገንፎ ውስጥ ግን እንዳለ ይቀራል። በዚያው ማዕድ ላይ ትኩስ ፍሬ ሲጨመር፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ከማሰሪያው ስለሚፈታው ሰውነት የሚወስደው ብረት በእጥፍና ከዚያ በላይ ሊያድግ ይችላል። በአንጻሩ ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረቱን መልሶ ያስረዋል። ስለዚህ ቡናው ከማዕዱ ራቅ ብሎ፣ ፍሬው ግን ከማዕዱ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ ቢሆን ይመረጣል። የደም ማነስ ያለባት እናት የምትበላውን ሽሮና እንጀራ ሳትለውጥ ጥቅሙን የምትጨምርበት መንገድ ይህ ነው።

እዚህ ላይ «ትኩስ» የሚለው ቃል ለወግ የገባ አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ቫይታሚን ሲ እሳት አይችልም፤ ፀሐይና ረጅም ጊዜ ማስቀመጥም ያጠፉታል። የቡሬና የጃቢ ጠህናን ገበሬ ይህንን በራሱ ምርት ሊገነዘበው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው የሀንጋሪው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያገኘው ከአገሩ በርበሬ ነበር። እርጥብ በርበሬ በዚህ ረገድ ከብርቱካን ይበልጣል። ሆኖም እኛ በርበሬውን በፀሐይ አድርቀን፣ ፈጭተንና በወጥ ውስጥ አንተክትከን ስንበላው ያ ሀብት አብዛኛው ይባክናል። ጥሬ ቃሪያ ከእንጀራ ጋር የሚበላ ሰው ከዚህ ውስጥ ድርሻውን ያገኛል፤ ሕፃን ግን ቃሪያ አይበላም። ለሕፃን የሚሆነው ፍሬ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰውነት ቫይታሚን ሲን እንደ እህል በጎተራ አያከማችም። ዛሬ ብዙ ተበልቶ ለከርሞ አይተርፍም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያስፈልጋል። ከዚህ አኳያ በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል የሚገዛ ብርቱካን የሚጠቅመው ለዓይን ነው እንጂ ለጤና አይደለም። በአጥር ላይ ያለ ፍሬ ግን በየቀኑ ይደረስበታል።

ታዲያ በአሁኑ ጊዜ ይህን ፍሬ የሚበላው ማን ነው? እረኛው ነው። ከብት ተከትሎ የሚውለው ልጅ ከአጋሙም ከዶቅማውም እየቀጠፈ ይውላል፤ ከመንደሩ ልጆች ሁሉ የተሻለ ፍሬ የሚያገኘውም እሱ ነው። ቤት የምትቀረው ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባዋ እናት፣ ገና ዳዴ የሚለው ሕፃን፣ ከእናቷ ጋር ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የምትውለው ልጃገረድ ግን ከዚህ ውስጥ ድርሻ የላቸውም። ቫይታሚኑም ብረቱም አብልጦ የሚያስፈልጋቸው ግን እነሱ ናቸው። ምክንያቱም አይጠፋንም። የዱር ፍሬ የእረኛ መጫወቻ፣ ከዚያም አልፎ የድርቅ ጊዜ ምግብ ተደርጎ ስለሚታይ፣ አዋቂ ሰው በአደባባይ አጋም ሲበላ መታየትን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። በደህና ዓመት አጋም የሚለቅም ሰው ጎተራው ባዶ የሆነበት ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ከገበሬው ቤት ካልወጣ በስተቀር ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው።

የጾሙ ጉዳይም አለ። የምዕራብ ጎጃም ሕዝብ አብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ እንደ መሆኑ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። ሕፃናት ባይጾሙም፣ በጾም ወቅት በቤቱ ውስጥ የፍስክ ዕቃ ስለማይነካና ወተቱም ቅቤ ለመሆን ስለሚጠራቀም ለሕፃኑ ተለይቶ የሚዘጋጅለት ነገር እምብዛም ነው። እንቁላሉም ቢሆን ለጨውና ለሳሙና መግዣ ወደ ገበያ ይወጣል። ይህን ስንል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ፍሬ ግን ጾም አያስፈርስም፤ ካህንም ምእመንም እናትም ልጅም ያለ ጥያቄ ሊበሉት የሚችሉት ምግብ ነው። ይህ ጥቅም ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ውስጥ ደን ተጠብቆ መኖሩም የዚሁ ፍሬ ዘር ከየትም ሲጠፋ በዚያ እንዲተርፍ ረድቷል።

ለሕፃናት እንዴት ይሰጥ የሚለው ጥንቃቄ ይጠይቃል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ውሃም ፍሬም አይጨመርም። ከስድስት ወር በኋላ የበሰለው ፍሬ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ በንጹሕ እጅ ተጨምቆ፣ በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ፣ ዘሩ ተወግዶ አጥሚቱ ወይም ገንፎው ከበረደ በኋላ ይደባለቅበታል። አጥሚቱ በእሳት ላይ እያለ ከተጨመረ ግን ቫይታሚኑን አብስሎ ማጥፋት ነው። የዶቅማን የመሰለ ትልቅ ዘር የትንሽ ልጅ ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል እንዳለ መስጠት አይገባም። የቀጋ ፍሬ ደግሞ ተሰንጥቆ በውስጡ ያለው ዘርና ጠጉር መሰል ነገር ካልተጠረገ ጉሮሮንና ሆድን ይቆጠቁጣል፤ የሚበላው ከላይ ያለው ቀይ ሥጋው ነው። ሾላም ተከፍቶ በውስጡ ያለው ነፍሳት ከታየና ከጸዳ በኋላ ይበላል።

የማኅበር መሪዎች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ አደጋም አለ። ምረንዝ የተባለው ቁጥቋጦ አጋምን በቅጠሉም በፍሬውም በጣም ይመስላል፤ ነገር ግን በአፍሪካ አዳኞች ለቀስት መርዝ ሲቀምሙበት የኖሩ ገዳይ ተክል ነው። መለያው እሾህ ነው። አጋም እሾህ አለው፣ ምረንዝ የለውም። እሾህ ከሌለው ቁጥቋጦ ጥቁር ፍሬ ቀጥፈው እንዳይበሉ ልጆች ገና እረኝነት ሲጀምሩ ሊነገራቸው ይገባል። እምቧይና እንዶድም ለምግብ አይሆኑም። (እንዶድ በሌላ ረገድ ባለውለታችን ነው፤ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቀው በዚሁ ፍሬ ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድል ግን ለሕፃን ሆድ አይሆንም።)

ሁለተኛው አደጋ እኛው ያመጣነው ነው። የአረምና የተባይ መድኃኒት መርጨት እየተለመደ መጥቷል። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ በበቆሎ ማሳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ጨምሯል፤ ቱፎርዲም በጤፍ ማሳ ላይ ይውላል። ነፋስ የወሰደው መድኃኒት በማሳው ወሰን ላይ ባለው አጋምና ቀጋ ላይ ማረፉ አይቀርም። ስለዚህ መድኃኒት በተረጨበት ሰሞን ከማሳው ዳር ፍሬ አይለቀም፤ መድኃኒት የረጨው ሰውም ይህንን ለእረኞቹ የማስታወቅ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። በየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ቢገባ የሚጠላ አንቀጽ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ይህ ፍሬ እየጠፋ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ ሲያቋቁም በማኅበሩ ክልል ያለው ጥሻና ሸለቆ በማኅበሩ እጅ ገባ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፣ አደረጃጀትም ተለውጧል፤ የገጠር ቀበሌ ግን በብዙ ቦታ ዛሬም ገበሬ ማኅበር እየተባለ ይጠራል፣ በወል መሬት ላይ የሚወስነውም የቀበሌው መሪና ኮሚቴው ነው። የሕዝቡ ቁጥር ሲያድግ መሬት ጠበበ፤ መሬት ሲጠብ ወሰኑ ላይ ያለው አጥር ታረሰ፤ ያልታረሰው በባሕር ዛፍ ተተካ። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያስገኛል፣ ቤትም ይሠራል፤ ገበሬው ለምን ተከለ ብለን አንከራከርም። ነገር ግን የአጋሙ ጥሻ ሲመነጠር «ጠፍ መሬት ለማ» ተብሎ ይነገራል። ምርት የሚቆጠረው በኩንታል ስለሆነ በኩንታል የማይቆጠረው ፍሬ እንደሌለ ይቆጠራል። ይህ አቆጣጠር ስሕተት ነው የሚል እምነት አለን። ሕፃናት ለዓመታት የሚበሉትን ፍሬ የሚሰጥ ጥሻ ጠፍ መሬት ሊባል አይገባውም።

በመሆኑም ለየማኅበሩ መሪዎች የምናቀርበው አሳብ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ማኅበሩ በሚሰበሰብበት ቀን ሽማግሌዎችንና እረኞችን ጠርታችሁ በክልላችሁ ውስጥ የትኛው ፍሬ በየትኛው ሸለቆ፣ በየትኛውስ ወር እንደሚበስል አስጽፉ። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከባሕር ዳር መምጣት አያስፈልገውም፤ ባለሙያዎቹ በመካከላችሁ ናቸው፣ አንዳንዶቹም አሥር ዓመት አልሞላቸውም። ከዚያ በኋላ በወል መሬት፣ በወንዝ ዳርና በቦረቦር አፋፍ ያለው ፍሬ ሰጭ ቁጥቋጦ ያለ ማኅበሩ ውሳኔ እንዳይመነጠር ወስኑ። ቦረቦር ላይ ያለ ቁጥቋጦ አፈሩንም ይይዛልና በአንድ ውሳኔ ሁለት ሥራ ይሠራል። እረኞች ማታ ሲገቡ ለቤታቸው አንድ ቅምጫና ፍሬ ይዘው እንዲገቡ ማድረግ የእናትና የአባት ትእዛዝ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ መሪው ግን በራሱ ቤት ሳይጀምረው ለጎረቤት ቢያዝ የሚሰማው የለም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ሕፃናት አመጋገብ ለእናቶች ያስተምራሉ። ትምህርቱ ላይ ካሮትና ብርቱካን ሲጠቀስ እናቲቱ «ከየት አምጥቼ» ብላ ትሄዳለች። በዚያው ቦታ የበሰለ አጋምና ዘይቱን ቢቀመጥና በፊቷ ተጠልሎ ገንፎው ላይ ሲጨመር ብታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሪው ፍሬው እንዲቀርብ ቢያደርግ፣ ባለሙያዋ የቀረውን ታውቀዋለች።

ከመጠን ያለፈ ተስፋ ግን አንሰጥም። የዱር ፍሬ ብቻውን መቀንጨርን አያስቀርም። ሕፃን ለማደግ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬና ጎመን ያስፈልገዋል፤ እንቅርት የሚከላከለው አዮዲን ያለው ጨው እንጂ ቀጋ አይደለም፤ በንጹሕ ውሃ እጦትና በሆድ ትላትል የተያዘ ልጅም ፍሬ ቢበላ ጥቅሙን ትሉ ይቀማዋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እንዲያበቃ ግብ ሲያስቀምጥ የጤናውን፣ የእርሻውን፣ የውሃውንና የትምህርቱን ሥራ አንድ ላይ ያቀናጀው ስለዚህ ነው። በሰባ ሁለት ዓይነት ሥራ መካከል ፍሬው አንዱ ነው። ከሁሉ ርካሹ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

የጠፋውን መተካትም ይቻላል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ሥራ ይሠራል፣ በክረምት ደግሞ ችግኝ ይተከላል። ለችግኝ ጣቢያ የሚላከው ጥያቄ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ብቻ የሚጠቅስ ከሆነ የሚመጣውም እሱው ነው። ኮሽም ለአጥር የሚተካከለው የለም፤ ከብት አያልፈውም፣ ፍሬውም ይበላል። ወንዱና ሴቱ በየተለያየ ግንድ ላይ ስለሆኑ ግን አንድ እግር ብቻ ተተክሎ ፍሬ አይጠበቅበትም፤ በርከት አድርጎ መደዳውን መትከል ነው። ዘይቱን በየጓሮው፣ በተለይ የእጅና የዕቃ እጣቢ በሚፈስበት ቦታ ቢተከል ሳይቸገር ያድጋል። በትምህርት ቤት አጥር ዙሪያም ኮሽምና አጋም ይሆናሉ፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት እየዋሉ የእረኛው ድርሻ ይደርሳቸዋል።

ዶቅማን ማፍላት ለሚፈልግ ማኅበር አንድ ነገር እናስታውሳለን። የዶቅማ ዘር እንደ ጤፍ ተቀምጦ የሚከርም አይደለም፤ ከደረቀ ይሞታል። ፍሬው በበሰለበት ሳምንት ሥጋው ታጥቦ ዘሩ በዚያው ሰሞን መዘራት አለበት። ስለዚህ ፍሬው ከመውረዱ በፊት ለችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ ተነግሮ መደቡና ፕላስቲኩ ተዘጋጅቶ ሊጠብቅ ይገባል፤ ልጆቹ ፍሬውን በልተው ዘሩን ብቻ በቅምጫና አጠራቅመው ቢያመጡም ይበቃል።